ሰርገኛውን ደረጃ ላይ ያስቆሙት የሙሽራዋ እናት

"ማንም አያልፍም አልኩ!"

ሰርገኛው ባለበት ቀጥ አለ...

ዘፈኑም ጭብጨባውም ተቋረጠ።

የአሮጌው ቤተ መንግሥት ደረጃ ላይ እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው መንገዱን የዘጉት ሴትዮ ማን መሰሏችሁ?

የሙሽራዋ እናት!

አዎ፣ የገዛ እናቷ... ያውም በዚያ በሚያምር የሰርግ ቀሚሳቸው።

እኚህ እናት ዕድሜያቸውን የፈጁት እዚሁ ግቢ ውስጥ በጥበቃ ሥራ ነው። ጎብኚው "ግድግዳውን ልንካው?" ሲል "አይቻልም"፣ "እላዩ ላይ ልቀመጥ?" ሲል "አይቻልም"... በቃ ስማቸው ተረስቶ "እትዬ አይቻልም" ሆነው ቀሩ።

የዚያን ቀን ግን ፈቃድ ላይ ነበሩ። በሩ ላይ የቆመው ባልደረባቸው ደግሞ "የእትዬን ልጅ ማን ይከለክላታል!" ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

ሕጉ እኮ ቀላል ነው። የፎቁ በረንዳ ላይ ከስድስት ሰው በላይ አይቆምም። የወጣው ሲወርድ ሌላው ይወጣል።

ሰርገኛው ግን ግልብጥ ብሎ ሊወጣ ነው... ሚዜው፣ አክስቱ፣ አጎቱ፣ ጎረቤቱ... ፎቶ አንሺው ታች ሆኖ "ጠጋ ጠጋ በሉ!" ሊል ካሜራውን ደግኗል።

የሙሽራው አባት ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

"እንዴ ወይዘሮ! እርስዎ ዛሬ የሙሽራ እናት ነዎት እንጂ ዘበኛ አይደሉም!"

"ሁለቱንም ነኝ።"

"ለዛሬ ብቻ! ለአንድ ፎቶ ቤቱ አይፈርስም!"

"በየተራ ከሆነ እሰየው። ግር ብላችሁ ከሆነ ግን በመቃብሬ ላይ!"

"ኤዲያ! ከአሁኑ እንዲህ ያዋረዱን ነገማ ምን ሊያደርጉን ነው?"

ሙሽራዋ እንባዋ ኩሏን ይዞት ወረደ።

"እማዬ... ምናለ ዛሬን እንኳን እናቴ ብትሆኚ?"

ወገኖቼ፣ ይቺ ቃል አጥንት ትሰብራለች።

እትዬ አይቻልም ግን እጃቸውን አላወረዱም። በአገጫቸው ብቻ ወደ ቀኝ አመለከቱ።

እዚያ ከግድግዳው የወጡ ሁለት ያረጁ የእንጨት ወራጆች ባዶአቸውን ቀርተዋል። ጎብኚው ሁሉ "ዘመን የበላው" እያለ ከሥራቸው ፎቶ ይነሳል።

"ያንን ዘመን አልበላውም፣ ልጄ። እሱም በረንዳ ነበር... ሰርገኞች መጥተው 'ለዛሬ ብቻ' አሉ። ዘበኛው ሆደ ቡቡ ነበር፣ ሙሽራ ማስከፋት አልሆነለትም። አሳለፋቸው..."

ዓይናቸውን ከወራጆቹ ሳይነቅሉ ቀጠሉ።

"እንጨቱ ሲንቋቋ ሮጦ ወጣ። ሰዉን እየገፋ ወደ ውስጥ አስገባ። ሁሉም ተረፉ... በረንዳው ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነበር።"

"ማን ነው እሱ?" አለች ሙሽራዋ።

"አባትሽ ሥራ ላይ ሞተ ያልኩሽ... እዚያ ነው።"

ሙሽራዋ ቀና ብላ ወራጆቹን አየች።

"ለምን ደበቅሽኝ እማ?"

"በአባትሽ እንዳትፈርጂበት ብዬ ነዋ! ደግ መሆኑ ነው የገደለው። በእሱ ቦታ የተቀጠርኩትም ይኼ ነገር እንዳይደገም ነው። ዛሬ ብትጠዪኝ ጥዪኝ፣ ግን አንቺንም እንደ እሱ አላጣሽም!"

ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ደረጃውን ወጣች። እናቷን እቅፍ አደረገቻቸው። ከዚያ ከጎናቸው ቆማ እሷም እጇን ዘረጋች።

"በየተራ! ስድስት ስድስት ሆናችሁ!"

የሙሽራው አባት አንገታቸውን ደፍተው ወደ ኋላ ሄዱ... የሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሙ።

"ይቅርታ ወይዘሮ... እኔ ሁሉም ከወረደ በኋላ እወጣለሁ።"

አያችሁ ወዳጆቼ... ቅርስን እንወደዋለን እያልን "ለዛሬ ብቻ" የምንለው እኛው ነን የምናፈርሰው። የዛሬ ሰው ሁሉ "ለዛሬ ብቻ" ካለ ለነገ ምን ይተርፋል? ደግሞም ለልጅ ያልሠራ ሕግ ለባዳ አይሠራም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... በልጃችሁ ሰርግ ቀን፣ በዘመድ አዝማድ ፊት፣ እጃችሁን ትዘረጉ ነበር? ወይስ ዘወር ብላችሁ ታሳልፉ ነበር? ሳታፍሩ እውነቱን ኮሜንት ላይ አውጡት...