የሦስት ዓመት ሣር

አባ ሶሬሳ ሣሩን በዱላቸው ገለጥ አደረጉና «ነይ እዪው፣ ልጄ» አሉ።

ባህሪያ ጎንበስ አለች። ጉልበት የማይደርሱ የግራር ቡቃያዎች ፈልተዋል። ቦታውን ታውቀዋለች። አምና ኅዳር ሽማግሌው ይህችን ጥግ ሲያቃጥሉ ይዛ፣ በደን ባለሙያነቷ ፈርማ ሁለት ቀን አሳስራቸዋለች።

ከእግር መንገዱ ወዲያ፣ እሷ ከእሳት ያስጠበቀችው ቁልቁለት እስከ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል። ግራሮቹ ሁሉ ያረጁ ናቸው፤ አንድም ለጋ የለም። የሦስት ዓመት ሣር ትከሻዋ ድረስ ደርቆ ቆሟል።

«የግራር ዘር ቅርፊቱ ድንጋይ ነው» አሉ ሽማግሌው። «እሳት ካልነካው አይከፈትም።»

ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ዘሩ ላይ የፈላ ውሃ የምታፈሰው ባህሪያ ራሷ ናት። ለምን እንደሆነም ተምራዋለች።

«እንግዲያ እናቃጥለው?»

«አሁን? ኅዳር ላይ ሣሩ ርጥበት አለው፤ እሳቱ ከሥር ልሶ ያልፋል። አሁን በየካቲት ግን ይሄን ሁሉ ደረቅ ካገኘ ዛፉንም ዘሩንም አያስተርፍም።» በአገጫቸው ወደ ላይ አመለከቱ። ላይ ቡናው ነው፤ ከቡናው በላይ ቤቶች።

ሽታው የመጣው ያኔ ነው። ታች፣ ወንዙ ዳር፣ ቡናማ ጭስ ተነስቷል። አሞሮች ከወዲሁ ይዞሩበታል። አንዱ ማር ቆራጭ ንቡን ያጨሰበትን ጭራሮ ሳያጠፋ ሄዶ ይሆናል።

ባህሪያ ለቀበሌው ሊቀመንበር ደወለች። «ሰዉን ከቡናው አስወጡ። አቅመ ደካሞች ይቅደሙ።» ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት።

«ከመንገዱ ጠርዝ ጀምረን ወደ ታች ብናቃጥል፣ ያ የታችኛው እሳት ሲደርስ የሚበላው ያጣል» አሉ አባ ሶሬሳ። ክብሪቱን ግን ወደ እሷ ዘረጉ። «አንቺ ለኩሺው።»

«እርስዎ ያውቁበታል፣ አባ።»

«ኤዬ፣ አውቅበታለሁ። እስር ቤቱንም አውቀዋለሁ።»

ክብሪቱን ተቀበለች። ነፋሱ ከጀርባዋ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። ቢስሚላህ ብላ ጫረች። ሣሩ ተንጣጣ፤ ነበልባሉ ቁልቁል ጥቂት እርምጃ ሮጠና ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ።

ነፋሱ ቆሟል። ሽማግሌው ክንዷን ያዙ።

የሻሿ ጫፍ ቀስ ብሎ ከትከሻዋ ተነሳና በነፋሱ ወደ ላይ፣ ወደ ቡናው ተዘረጋ።