ዲ ላይ ነው

«የምትወስኚው አንቺ ነሽ» አላት ሙናዊር፤ ፍላሹ ግን ኮምፒዩተሩ ላይ ከተሰካ ቆይቷል።

ሱሀይር መጀመሪያ ፍላሹን፣ ቀጥሎ ታናሽ ወንድሟን አየች። ከመሳለሚያ የተጠራው የኮምፒዩተር ባለሙያ ምንይሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆሟል። ሰው ቤት ገብቶ የእህትና የወንድም ክርክር መስማት የማይወድ ጨዋ ሰው ነው።

ሙናዊር ከቻይና ያስመጣው ባለ ስድስት ራስ የጥልፍ ማሽን ከትናንት ጀምሮ የሱቁን ግማሽ ይዞ ተቀምጧል። የሚታዘዘው በአዲሱ ዊንዶው ብቻ ነው። ሱሀይር ዲዛይን የምትሠራበት ፕሮግራም ደግሞ በድሮው ካልሆነ አይከፈትም። አዲሱ ከተጫነ፣ እስከ ዛሬ ሠርታ የጨረሰቻቸው ዲዛይኖች ማሽኑ ላይ ይጠለፋሉ፤ እሷ ግን ከእንግዲህ ሌላ መሥራት አትችልም። ሁለተኛ ኮምፒዩተር ይገዛ ብላ ነበር። የት ልናስቀምጠው ነው ብሎ ሳቀባት። እውነትም ሱቁ ውስጥ እግር ማሳረፊያ አልቀረም።

ይቆይ፣ የድሮው ማሽን እስከ ዛሬ አላሳፈረንም አለችው። ሙናዊር በትዕግሥት አስረዳት። የድሮው ማሽን አንድ ቀሚስ ጠልፎ እስኪጨርስ አዲሱ ስድስት ያወጣል። የራጉኤል ሴቶች ማኅበር ለንግሥ ስልሳ ቀሚስ አዟል፣ ሁሉም በሱሀይር መስቀል፤ በድሮው እንሥራ ከተባለ በዓሉ ያልፋል። ያለው ሁሉ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ይበልጥ ያንገበገባት።

«ደግሞ አምስት ሺህ ዲዛይን ተጭኖበት ነው የመጣው» አለ። «እዚህ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ያንቺ አሉ። ከዚህ በኋላ ምን ያደክምሻል? በር ላይ ቁጭ ብለሽ ደንበኛ ትቀበያለሽ።»

ለእሷ ያዘነ መስሎት ነው የተናገረው። ሱሀይር ግን ፊቷ ሲግል ተሰማት። ዐሥራ ሁለት ዓመት አንገቷ እስኪደነዝዝ እዚህ ስክሪን ላይ ያፈጠጠችው ለካ በር ላይ ለመቀመጥ ኖሯል። ሙስሊም ሆና የጎንደር ቀሚስ መስቀል እንደ እሷ የሚወጣለት የለም የተባለላት እንዲሁ አይደለም፤ በየንግሡ ራጉኤል አጥር ሥር ቆማ የሴቶቹን ቀሚስ እያየች፣ ያልገባትን እየጠየቀች የተማረችው ነው። መነን ጨርቅ ላይ ክሩ የቱ ጋ እንደሚበጠስ፣ ሽፎን ላይ የቱን ማሳሳት እንደሚያስፈልግ፣ የዓባያ እጅጌ ላይ አበባው የት ማለቅ እንዳለበት ስንት መርፌ ሰብራ ነው ያወቀችው። ሙናዊር አንዱንም አያውቅም። የእሷ ወንበር ላይ ለአንድ ቀን እንኳ ተቀምጦ አያውቅም።

«እንግዲህ ይጫን» አለች።

ሙናዊር ደስ ብሎት ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና ስልኩን አወጣ። ምንይሉ ተቀምጦ ኮምፒዩተሩን አጠፋው፤ መልሶ ሲያስነሣው የመጫኛው ሰማያዊ ስክሪን መጣ። ጥቂት ነካካና እጁን ሰበሰበ።

«ሲ ድራይቩን ልጠርገው ነው» አለ። «ሥራችሁ ዲ ላይ ነው አይደል?»

የትኛውም ባለሙያ ሳይጠይቅ አያልፍም። አዲስ ዊንዶው ሲገባ ሲ የተባለው ክፍል ይጠረጋል፣ ዲ የተባለው አይነካም፤ ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ፋይል ከሲ ጋር አብሮ ይሄዳል። ምንይሉ አምና ቫይረስ ሊያጸዳ መጥቶ፣ ሥራዎን ዲ ላይ ያድርጉ ብሎ መክሯት ነበር። እሺ ብላ ተወችው። ኮምፒዩተሩ ገና ሲከፈት ዲዛይኖቿ ዓይኗ ሥር ሲሆኑላት ደስ ይላታል። አንድም ሳይቀር ዴስክቶፕ ላይ ናቸው። ሌላ ቅጂ የላቸውም።

ልትናገር አፏን ከፈተች።

«ዲ ላይ ነው» አለ ሙናዊር፣ ከስልኩ ቀና ሳይል። «ሁሉም ዲ ላይ ነው። ቀጥል።»

ምንይሉ አልቀጠለም። ዞሮ አያት። «እትዬ ሱሀይር፣ እርግጠኛ ነዎት? ከጠፋ በኋላ መመለሻ የለውም።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሁሉንም ዲ ላይ ለመገልበጥ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ መስቀሎቿም አበቦቿም አምስት ሺዎቹ መሀል ገብተው ሲጠለፉ ይኖራሉ፤ እሷ በር ላይ ተቀምጣ እንኳን ደህና መጣችሁ ትላለች። ሙናዊር አሁንም ስልኩን እየነካካ ነው።

«እሱ ዲ ላይ ነው ካለ፣ ዲ ላይ ነው» አለች።

ምንይሉ ጥቂት ጠበቃት። ከዚያ የመጥረጊያውን ቁልፍ ተጫነው።

ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ከአንድ ወደ መቶ ሲወጣ ሱሀይር ቆማ አየች። ሙናዊርን ጉድ ሠራሁት ብላ ደስ እንዲላት ሞከረች፤ አልሆነላትም። የመጀመሪያውን መስቀል ስትጨርስ ከመደሰቷ የተነሣ ምሳዋን ረስታ መዋሏ ትዝ አላት። እጇ ሥራ የፈታባት መሰለና ሻርፗን አስተካከለች፣ ደግማ አስተካከለች።

አለቀ። ምንይሉ ፍላሹን ነቅሎ ተነሣ። ሙናዊር እጁን እያፋተገ መጣ።

«በይ» አላት፣ «የራጉኤሎቹን መስቀል ክፈቺልንና ማሽኑን እንሞክረው።»

አዲሱ ስክሪን ላይ ከአንዲት የቆሻሻ ቅርጫት በቀር ምንም የለም። ሱሀይር ወንበሯን ሳብ አድርጋ አስጠጋችለት።

«ና ተቀመጥ» አለችው። «አንተው ክፈተው።»

ሙናዊር እየሳቀ ተቀመጠ። ማውሱን ጨበጠና ዲ ድራይቭን ከፈተ።