ከራሴ የፈጠርኩት ገጽ

ልጄ ትንሽ ሳለች ማንበብ አልችልም ነበር። በአስማት ዓለም ስለምትኖር ልጅ የሚተርከውን፣ እሷ የምትወደውን መጽሐፍ እገልጥና ሥዕሉን እያየሁ ከራሴ እየፈጠርኩ አወራላት ነበር። ብቻዋን ከቤት እንዳትወጣ ብዬ፣ የመጽሐፉ ልጅ በአንድ ሰማያዊ በር ወጥታ በዚያው ቀረች አልኳት።

ዘንድሮ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ። ትናንት ከሰዓት በኋላ አጠገቤ አስቀምጫት፣ በጣቴ እየተከተልኩ መጽሐፉን አነበብኩላት። ያ የፈጠርኩት ወሬ ቃል በቃል ተጽፎበታል።

"ይሄን እኮ እኔ ነኝ የፈጠርኩት" አልኳት።

"እማዬ ደግሞ! አሁን ደራሲ ሆንሽ?" ብላ ሳቀችብኝ። "ይልቅ ቶሎ ቶሎ በይ፤ ኤሊ እንኳን ካንቺ ይፈጥናል።"

ቀጣዩን ገጽ ገለጥኩ። "እናቲቱ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ልጅቷ ከአጠገቧ ተነሳች" ይላል።

የልጄ ወንበር ሲጥ አለ። ዓይኔን ከገጹ ሳላነሳ፣ "የት ልትሄጂ ነው?" አልኳት።

ጣቴ ወደ ታች ወረደ። "እናቲቱ፣ 'የት ልትሄጂ ነው?' አለቻት" ይላል። ከዚያ በታች ያለው ወረቀት ባዶ ነው።

ቀና አልኩ። ልጄ ወንበሯ ላይ የለችም። አንድ በር ብቻ የነበረው ክፍላችን ሁለት በር ሆኗል፤ ሰማያዊው ገርበብ ብሏል።