ጥቁሩ ቁልፍ

ልብስ ሰፊው የሐኪሙን ነገር የተረዳው በልብስ ቁልፍ ነበር። አባትም እናትም በኪሳቸው አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ቁልፍ አላቸው እንበል፤ ልጅ ከሁለቱም ኪስ አንዳንድ ያወጣል፤ ሁለቱም ጥቁር የደረሰው ልጅ በደም በሽታው ይያዛል። ከአራት አንድ ዕድል ነው። ትንሿ ልጁ ሶስና የሞተችው በዚሁ በሽታ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሚስቱ ዳግም አርግዛለች።

ጎረቤቶቹ "እግዜር ድርሻውን ወስዷል፤ የቀሩት ሦስቱ የእናንተ ናቸው" እያሉ ያጽናኑታል። እሱ ግን የወጣው ቁልፍ ተመልሶ ኪስ እንደሚገባ ያውቃል። ግድግዳው ላይ በተሰቀለ አሮጌ ኮት ኪሶች፣ አንዱን የአባት አንዱን የእናት ብሎ፣ ቁልፎቹን ከትቶ ሲያወጣ ሲመልስ ይውላል። ሁለት ጥቁር በወጣ ቁጥር ቶሎ መልሶ ይከታቸዋል።

"ቆይ፣ እኔም ልመርመር" ሲላት ሚስቱ እግሩ ላይ ወደቀች።

"በእናትህ ተወው! ላይቀርልን ነገር ቀድመን ብናውቀው ምን ያደርግልናል?"

ተደብቋት ሌላ ሐኪም ጋ ሄደ፤ የቁልፎቹንም ምሳሌ ነገረው።

ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ፈገግ አለ። "እንኳን ደስ አለዎት! እርስዎ ጋ ጥቁር የሚባል የለም፤ ሁለቱም ነጭ ናቸው። የእርስዎ ልጅ በዚህ በሽታ ሊያዝ አይችልም።"

እያለቀሰ ቤቱ ድረስ ሮጠ። "የኔ ልጅ አይታመምም! የኔ ኪስ ነጭ ብቻ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሚስቱ እልል አላለችም። ከኮቱ የአባት ኪስ ጥቁሩን ቁልፍ መዞ በመስኮት ሊወረውረው እጁን አነሳ፤ እጁ እንደተነሳ ቀረ።

"ሶስና" አለ ቀስ ብሎ፣ "ይቺን ከማን ኪስ ነው ያወጣቻት?"