የጷጉሜ ፀሐይ

ክረምቱ ሲያለቅስ ከርሞ ጷጉሜ ላይ ፀሐይ ወጣች። አስካለ አዲሱ ዓመት ሳይገባ፣ ቤት ውስጥ የሻገተውን ሁሉ ልታሰጣ ተነሣች። ፍራሹንና በርበሬውን አውጥታ ስትጨርስ የባሏ የሙዚቃ ሸክላዎች ትዝ አሏት።

ባሏ መስኮቱ ሥር ተኝቶ ያያታል። ስትሮክ ከጣለው ወዲህ አንድ ቃል አልወጣውም። ሸክላዎቹን በስልሳ ሰባትና በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ከተማው በሰዓት እላፊ ቤቱ ሲከተት፣ ከየሙዚቃ ቤቱ ለቅሞ ነው ያከማቸው፤ ጃዙን፣ ሬጌውን፣ ሶሉን፣ የማሲንቆውን ትዝታ። እሷን እንኳ አያስነካም ነበር፤ ከጨለማው ቁም ሣጥን የሚያወጣቸው ራሱ፣ ጠርዛቸውን ብቻ ይዞ ነው።

አሁን ከየሽፋናቸው እያወጣች የጋለ ቆርቆሮ ላይ ትደረድራቸዋለች።

"ሻጋታው ሊጨርሳቸው ነበር እኮ!" አለችው በመስኮቱ። "ፀሐይ ይምታቸውና አጫውትልሃለሁ። ማን ያውቃል፣ ምላስህን ይፈቱልህ ይሆናል።"

ባሏ የጃዙ ሸክላ ጠርዝ በሙቀቱ እንደ ቂጣ ጎበጥ ሲል አየ። "አንሺያቸው!" ሊላት ጉልበቱን ሁሉ አጠራቀመ። የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ አፉ ተከፈተ፤ ጮኸ።

አስካለ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው።

"ተናገረ! ጎረቤት፣ ስሙልኝ፣ ተናገረ! እሺ የኔ ጌታ፣ እሺ! የቀሩትንም አወጣልሃለሁ!" ብላ ወደ ቁም ሣጥኑ ሮጠች።

እሱ በደህና እጁ አልጋውን እየደበደበ ደግሞ ሞከረ። አሁንም ከአፉ የወጣው ሊላት የፈለገው ሳይሆን ያው የቅድሙ ቃል ነው።

"እሰይ!" አለ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ። "እሰይ! እሰይ!"