ጋሽ ካርታ መንገድ ጠቋሚ ሲመርጡ

«ይሄኛው ይነቀላል?» አሉ ጋሽ ካርታ፣ በመኪናቸው መስኮት የተቀበሉትን ትንሽ መንገድ ጠቋሚ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው። የሞተ አይጥ በጭራው የያዙ ይመስሉ ነበር።

«በደንብ ነዋ ጋሼ። ሲፈልጉ መስታወቱ ላይ ይለጥፉታል፣ ሲያሻዎት ነቅለው ኪስዎ ይከቱታል» አለ የመኪና ዕቃ ገጣሚው። ከዚያ በብብቱ ይዞት የነበረውን ሰፋ ያለ ስክሪን አሳያቸው። «ይሄ ደግሞ የፋብሪካው ነው። ልክ የእርስዎን ከመሰለ መኪና የወጣ። ሬዲዮው ይወጣና እሱ በቦታው ይገባል። አንዴ ከገባ ግን መንቀል የለም።»

«እንግዲያው የሚነቀለውን ስጠኝ።»

«አባዬ፣ ገና መች አየኸው?» አለች ልጃቸው። በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ የመኪናው ቁልፍ በእጇ ነው። እስከዚህ የነዳችው እሷ ናት። እሳቸው ደግሞ ገና ከመውረዷ ዞረው መጥተው የሾፌር ወንበራቸው ላይ ጉብ ብለዋል።

ምኑን ያዩታል? ሠላሳ ሰባት ዓመት ታክሲ ነድተዋል። ካርታ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የታክሲ ተራው ሾፌሮች ናቸው። መንገድ የጠፋው ሁሉ መጥቶ መስኮታቸውን ያንኳኳል፤ እሳቸውም ጋዜጣቸውን እንኳ ሳያጥፉ፣ «በትምህርት ቤቱ ጀርባ ግባ፣ ሦስተኛው ላይ ወደ ግራ፣ ውሻ ይጮህብሃል፣ ዝም ብለህ እለፈው» ይሉታል። ውሻውም አያሳፍራቸውም፤ ይጮሃል። እንዲህ ያሉ ሰው ዳሽቦርዳቸው መሐል ስክሪን ተክለው፣ አንዲት ሴትዮ «አሁን ወደ ቀኝ ይታጠፉ» እያለቻቸው፣ ተራው ሁሉ በመስኮት ሊያያቸው ነው? መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይሻላቸዋል። የሚነቀለው ግን ተራው ጋ ከመድረሳቸው በፊት መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ማንም አያይም።

ልጃቸው ደግሞ ቁርጡን ነግራቸዋለች። ሐሙስ ዕለት የአስር ደቂቃ መንገድ ሦስት ሰዓት ፈጀባቸው። ስትደውል ስትደውል ቆይታ፣ በመጨረሻ ስልካቸውን አንስቶ ያሉበትን የነገራት አንድ መንገደኛ ነው። ደርሳ ስታይ፣ አንድ አጥር ሥር ሞተር ሳያጠፉ ቆመው መሪውን እንደጨበጡ ነበሩ። «ወይ መንገድ ጠቋሚ ይገጠማል፣ ወይ ቁልፉ እኔ ጋ ይቀራል» አለች። እሷ የምታውቀው ያንን አንዱን ቀን ብቻ ነው። እሳቸው የሚያውቁት ግን ሦስት ነው።

ገጣሚው ትንሹን መስታወቱ ላይ ለጠፈና አበራው። ውጭ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንዳኮረፈ ነበርና ሰማያዊው ብርሃን ፊታቸው ላይ ጎልቶ ታየ።

«እስቲ እንሞክረው። መጀመሪያ ቤትዎን እንመዝግብለት። ከዚያ የትም ቢሆኑ ይቺን የቤት ምልክት መንካት ነው፣ ይወስድዎታል። የት ነው ቤትዎ?»

ጋሽ ካርታ የልብ ልብ ተሰማቸው። ይሄማ የእሳቸው ጨዋታ ነው። ተመቻቹና ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ይነግሩት ጀመር። «ከአሮጌው ድልድይ ቁልቁል ትወርዳለህ። ዳቦ ቤቱን በቀኝህ ትተህ፣ ልብስ ሰፊዋ ጋ ስትደርስ እጥፍ በል። ሁለተኛው በር፣ ሰማያዊው። ይከብዳል፣ በትከሻህ ገፋ አድርገው።»

ገጣሚው ካርታውን በጣቱ እየጎተተ ድልድዩን አገኘ፣ ቁልቁለቱን ወረደ፣ ከዚያ ቆመ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቤት የለም እኮ። እስቲ ራስዎ ይንኩት።»

ጋሽ ካርታ ለአፍታም ሳያመነቱ ነኩት። ትንሿ የቤት ምልክት ስድስት መኪና ጎን ለጎን በሚያስሄድ አውራ ጎዳና መሐል ቆመች። መሣሪያውም «ሃያ ሁለት ደቂቃ» አለ፤ እሱ ምን ቸገረው።

ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ። እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

ያኔ ክው አሉ። ለዚህ ጎዳና ሰፈሩን ሊያፈርስ ዶዘሩ የመጣ ቀን ያንን ሰማያዊ በር ነቅለው በትከሻቸው ያወጡት እሳቸው ናቸው። እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ መቀርቀሪያውን በሁለት እጇ ታቅፋ ከኋላ ከኋላቸው ትከተል ነበር። ዛሬ የራሷ ልጅ ሰባት ዓመት ሆኖታል።

የአሁኑን ቤት ፈለጉት። ደረጃው መጣላቸው፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ መጣላቸው፣ አልጋቸው መጣላቸው። ከደረጃው ወርደው ወደ ውጭ ሲወጡ ያለው መንገድ ግን አልመጣም። ጠበቁት፤ አልመጣም። ፈሩ። በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ ፈርተው አያውቁም።

«ችግር የለም ጋሼ፣ ይስተካከላል» አለ ገጣሚው፣ ምን እንደተፈጠረ ባይገባውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ታዲያ ይሄው ይሁንልዎት?»

ጋሽ ካርታ ሊደብቁበት ያሰቡትን መሳቢያ አዩት። ከፈቱት፣ መልሰው ዘጉት። እዚህ ውስጥ ከትተውት፣ እዚህ መሆኑ ቢጠፋቸውስ?

«ንቀለው» አሉ። «የፋብሪካውን ግጠምልኝ። የማይነቀለውን።»

«ሬዲዮውን ላውጣው?»

«አውጣው።»

ልጃቸው ቁልፉን መዳፋቸው ውስጥ አስቀመጠችና ወደ ገጣሚው ዞረች። የቤታቸውን አድራሻ ቀስ እያለች ነገረችው፤ የመንገዱን ስም፣ የሕንጻውን ቁጥር፣ ፎቁን። ጋሽ ካርታ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ በከንፈራቸው ብቻ ከኋላ ከኋላዋ ይከተሏት ነበር።