የቦርጫሙ ሱሪ

ሐኪሙ የግፊት መለኪያውን ከልብስ ሰፊው ክንድ ላይ ፈታና ራሱን ነቀነቀ። የቆዩ ወዳጆች ናቸው፤ የሐኪሙን ሱሪዎች የሚሰፋው እሱ ነው።

«ካልተንቀሳቀስክ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንህም» አለው። «ዮጋ ጀምር። ለወገብህም ለግፊትህም ጥሩ ነው።»

«ቀኑን ሙሉ ፔዳል የምረግጥ ሰው ነኝ እኮ ዶክተር። ከዚህ በላይ ምን እንቅስቃሴ አለ? በዚህ ዕድሜዬ ወለል ላይ ተጋድሜ እግሬን ልስቀል?»

ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣለች። ሌላ ጊዜ እንዲህ እምቢ ሲል ትነዘንዘዋለች፤ ያን ቀን ግን ምንም አላለችም።

ልብስ ሰፊው በሙያው አይታማም። ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሰላም ሲለው የወገቡንና የእግሩን ልክ በዓይኑ ይጨርሳል፤ ሜትሩን የሚያወጣው ለደንበኛው ክብር ብሎ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ የራሱን ወገብ ግን ለክቶ አያውቅም። ሱሪዎቹን በሙሉ ላስቲክ አስገብቶባቸዋል። ላስቲክ ደግሞ ቻይ ነው።

ሚስቱ የመዋለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ራት ላይ ስለ ልጆቹ ታወራለች፤ እሱ ግማሹን ይሰማል። በዚያ ሰሞን ሙዝ አልበላም ብሎ ስላስቸገራት ሕፃን ነገረችው። ሙዙን አንስታ ሌላ ልጅ ፊት ስታስቀምጠው፣ እምቢተኛው ራሱ ነጥቆ በላው።

«ልጅ ምን ያውቃል» አለ ልብስ ሰፊው፤ «ጨው አቀብይኝ።»

በሳምንቱ ሚስቱ ዮጋ ልጀምር ነው አለች።

«የት?»

«ከፋርማሲው በላይ፣ ፎቁ ላይ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ። አስተማሪው ጎበዝ ነው ይላሉ።»

«ወንድ ነው?»

«ወንድ ቢሆንስ?»

የመጀመሪያው ማክሰኞ ስትመለስ ፀጉሯ አልተነካም። ላብ የሚባል ነገር የለም። ጠቅልላ የያዘችው ምንጣፍ ገና ሱቅ ሱቅ ይሸታል። ትከሻዋ ላይ ግን የወተት ጠብታ ደርቋል። ልብስ ሰፊው ጨርቅ ላይ ያለ ነገር አያመልጠውም። ካፌ ተቀምጣ ነው የመጣችው፣ አለ በልቡ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

«እስቲ የተማርሽውን አሳይኝ» አላት ሐሙስ ማታ።

«ደክሞኛል። ደሞ አንተ ምን ያደርግልሃል? ላንተ የሚሆን ነገር አይደለም።»

ቅዳሜ ቦርሳዋን ሳሎን ውስጥ ትታ አራስ እህቷን ልትጠይቅ ወጣች። ልብስ ሰፊው የሰው ቦርሳ የሚከፍት ሰው አልነበረም፤ ቦርሳው ግን ተከፍቶ ነበር። ከውስጡ የወንድ የስፖርት ሱሪ አወጣ።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ሙያው ቀደመውና ሱሪውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አየው። ወገቡ ሰፊ፣ እግሩ አጭር፣ መቀመጫው ልቅ።

«ቦርጫም ነው» አለ ብቻውን። ይበልጥ ያበሸቀው ይኼ ነበር። ለአንድ ሸበላ ብትተወው እንኳ ነገሩ ይገባዋል።

ከንዴቱ ፍርሃቱ ባሰ። ከተጋቡ ወዲህ ራቱን ብቻውን በልቶ አያውቅም። እሷ የሌለችበትን ቤት አሰበና ሱሪውን እንደነበረ አጥፎ መለሰው። ሊጠይቃት ፈራ፤ ከጠየቃት እውነቱን ትነግረዋለች።

ማክሰኞ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ከፋርማሲው በላይ ወጣ። አንድ ቀጭን ወጣት በር ላይ ተቀበለው። አስተማሪው እሱ ነበር።

«ጀማሪ ነዎት አይደል? ይግቡ። ጫማዎን እዚህ ጋ ያውልቁ።»

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ወደ ውስጥ ሰደደ። ሰዎች ምንጣፍ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሚስቱ የለችም። ቦርጫም የሚባል ሰውም የለም። ሁለቱም ከሌሉ አብረው ናቸው ማለት ነው። ምናልባት ዘግይተው ይመጡ ይሆናል ብሎ ጫማውን አወለቀ። የልብስ ሰፊ ነገር፣ ካልሲው ተቀዶ ነበር።

ሌሎቹ ጎንበስ ብለው መሬት ሲነኩ እሱ ጉልበቱን ነካ። ሌሎቹ ራሳቸውን ወደ ታች ሲደፉ አስተማሪው መጥቶ ትከሻውን ያዘው።

«እርስዎ እንዲህ አይድፉ፤ ለግፊት ጥሩ አይደለም። ግድግዳውን ይደገፉ።»

ልብስ ሰፊው ለጀማሪ ሁሉ የሚባል መሰለው። መጨረሻ ላይ ዓይን ጨፍኖ መጋደም ነበረ። እሱ አንዱን ዓይኑን በሩ ላይ ተወ።

ላቡን እየጠረገ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ቀድማዋለች። የት አመሸህ አላለችውም። አለመጠየቋ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ጨመረበት።

ሐሙስም ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንትም። አንድ ቀን ቦርጭ ያለው ሰው በሩ ላይ ብቅ ሲል ልቡ ዘለለ፤ ግን ሰውዬው ባለረጅም እግር ነው፣ ያ ሱሪ ከጉልበቱ ብዙ አይወርድለትም። ልብስ ሰፊው ቅር እያለው ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

ወራት አለፉ። ቦርጫሙ አልመጣም። ልብስ ሰፊው የጫማውን ክር ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ማሰር ጀመረ። ሱሪው እየወረደ ሲያስቸግረው ላስቲኩን አጠበቀው። የሚያከሳኝ ብስጭት ነው፣ አለ።

የሐኪሙ ቀጠሮ ደረሰና ባልና ሚስቱ አብረው ሄዱ። ሐኪሙ አንዴ ለካ። አላመነም መሰለኝ፣ ደግሞ ለካ።

«ወርዷል። ምን አደረግክ?»

«ምንም» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሚስቱን በጎን እያየ። «ሐሳብ ነው።»

ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ እስክሪብቶውን ፈለገ። እስክሪብቶው እጁ ላይ ነበር።

ልብስ ሰፊው የግድግዳውን ሰዓት አየ። ማክሰኞ ነው፤ ያ ቦርጫም ዛሬ ሊመጣ ይችላል። ሱቅ ደንበኛ ይጠብቀኛል ብሎ ቀድሟት ወጣ።

ሚስቱ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

«ዶክተር፣ ያ የገዛሁለት ሱሪ አሁን ይሰፋዋል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ጠበብ ያለ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ልተውለት ወይስ ይበቃዋል?»